ፈጣን ጎተራና ጠባብ በር

ሰው ሁሉ ፈጣን ነገርን ይወዳል። ፈጣን ፈረስ፣ ፈጣን መኪና፣ ፈጣን መልእክተኛ በሁሉ ዘንድ የተመሰገነ ነው። ነገር ግን ፈረሱ የቱንም ያህል ብርቱ ቢሆን መንገዱ ረግረግ የሆነ እንደ ሆነ ከአህያ እኩል መሄዱ አይቀርም። ዕቃ ሲገዙ የፈረሱን ጉልበት የሚጠይቁ ብዙዎች ናቸው፤ የመንገዱን ነገር የሚጠይቁ ግን ጥቂቶች ናቸው። የዚህ ቸልታ ዋጋ በገንዘብ ብቻ የሚከፈል ቢሆን ኖሮ ጉዳቱ ቀላል በሆነ ነበር፤ አንዳንድ ጊዜ ግን በገንዘብ በማይገኝ ነገር ይከፈላል። በአዲስ አበባ ከተማ የሚኖር የአንድ ሰው ነገር ይህን ያስረዳል።

ይህ ሰው ዕድሜውን ሁሉ በመዝገብ ቤት ሹምነት ያገለገለ፣ አሁን በጡረታ የተቀመጠ ነው። ትውልዱ መንዝ ነው። ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ 2012 ዓ.ም. ድረስ በየዓመቱ የዕረፍቱ ወራት በደረሰ ጊዜ የቪዲዮ ካሜራውን ይዞ ወደ አገሩ ይሄድ ነበር። በዚያም ሽማግሌዎችን እያስቀመጠ የርስት ክርክርን ልማድ፣ የዕርቅን ሥርዓት፣ የበግ ጠጕር ተፈትሎ ባና እስኪሆን ድረስ ያለውን ሥራ፣ የሠርግንና የለቅሶን ግጥም ያስነግርና ይቀርጽ ነበር። አባቱም በ2011 ዓ.ም. ከማረፋቸው አንድ ዓመት አስቀድሞ ሦስት ቀን ሙሉ ስለ ትውልዳቸውና ስላዩት ዘመን ተናግረውለታል። ይህ ሁሉ ተደምሮ 1,400 ጊጋባይት ሆነ፤ ማደሪያውም በዴስክቶፕ ኮምፒውተሩ ሆድ ውስጥ ያለ አንድ ሃርድ ዲስክ ብቻ ነበረ። ሌላ ግልባጭ አልነበረውም። በመዝገብ ቤት ሳለ ግልባጩ ያልቀረ ደብዳቤ አላሳልፍም ይል የነበረ ሰው ለገዛ ቤቱ ይህን ረሳ።

በ2016 ዓ.ም. በኅዳር ወር ከኮምፒውተሩ ሆድ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ይሰማ ጀመር። ሃርድ ዲስክ ማለት በውስጡ እንደ መስታወት የለሰለሱ ሳሕኖች በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ የሚሽከረከሩበት፣ በሳሕኖቹም ላይ አንዲት ክንድ ሳትነካቸው እየተመላለሰች የምታነብበትና የምትጽፍበት ዕቃ ነው። የዚህን ዓይነት መሣሪያ መጀመሪያ ያወጣው አይ ቢ ኤም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ነው፤ ይኸውም በፈረንጅ አቆጣጠር በ1956 ነው፤ ያ መሣሪያ 50 ሳሕኖች ኖረውት የሚይዘው 5 ሚሊዮን ፊደል ብቻ ነበረ። ዛሬ ከመዳፍ ብዙ በማይበልጥ ሣጥን ውስጥ የዚያ ሚሊዮን እጥፍ ይገባል። ነገር ግን የሚሽከረከር ሁሉ ያረጃል። ክንዲቱ መንገዷን ስታ ወደ መነሻዋ በተመለሰች ቍጥር ጠቅ የሚል ድምፅ ትሰጣለች፤ ይህም ብዙ ጊዜ ዲስኩ ሊሞት መቃረቡን የሚያመለክት ነው።

ሰውዬው የኮምፒውተር ትምህርት የተማረች ሴት ልጅ አለችው። በዚያ ሳምንት ለሥራ አዳማ ነበረች። ነገሩን በስልክ ቢነግራት፦ «አባባ፣ አሁኑኑ ያጥፉት፤ ነገ ጧት እስክደርስ አይንኩት። የታመመ ዲስክ በሠራ ቍጥር ይብስበታል» አለችው። እርሱ ግን «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለውን ተረት አሰበ። ዛሬውኑ ፈጣን ዕቃ ገዝቼ ሌሊቱን ብገለብጠው ልጄ ስትመጣ ሥራው አልቆ ታገኘዋለች አለና ወደ ገበያ ወጣ። ተረቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚል ሌላ ተረትም አለ።

ባለ ሱቁ ሦስት ዓይነት ዕቃ አቀረበለት። የመጀመሪያው እንደ ቀድሞው በሳሕን የሚሠራ የውጭ ሃርድ ዲስክ ነው፤ ዋጋው ከስፋቱ ጋር ሲተያይ ርካሽ ነው፤ ፍጥነቱ ግን በሰከንድ ከ120 ሜጋባይት ብዙ አያልፍም። ሁለተኛው ኤስ ኤስ ዲ የሚባለው ነው። ይህ የሚሽከረከር ነገር የለበትም፤ ፍላሽ በሚባለው ማኅደር ላይ በኤሌክትሪክ ብቻ ይጽፋል። ፍላሽን በፈረንጅ አቆጣጠር በ1984 ለዓለም ያስታወቀው በጃፓን አገር በቶሺባ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ፉጂዮ ማሱኦካ ነው። የዚህኛው ዕቃ ፍጥነት በሰከንድ 500 ሜጋባይት ያህል ነበረ። ሦስተኛው የዚያው የኤስ ኤስ ዲ ታላቅ ወንድም ነው፤ በሣጥኑ ላይ 20 ጊጋቢት፣ በሰከንድም 2,000 ሜጋባይት የሚል ተጽፎበታል፤ ዋጋውም ከሁሉ በላይ ነው።

ባለ ሱቁ ወጣትና ትሑት ሰው ነበረና፦ «ጋሼ፣ የኮምፒውተርዎ ዩኤስቢ የትኛው ነው? የተገዛውስ መቼ ነው?» ብሎ ጠየቀው። «ልጄ፣ እኔ የምፈልገው ከሁሉ ፈጣኑን ነው» አለው። «እርሱማ ይኸው፤ ግን ፖርቱ ካልቻለው» ብሎ ሊያስረዳው ሲጀምር ሰውዬው ንግግሩን ሳያስጨርሰው ገንዘቡን ቈጥሮ ሰጠውና ወጣ።

በመንገድ ዳር ደግሞ አንድ አዟሪ 16 ቴራባይት የሚል የተጻፈበትን፣ እንደ ክብሪት ሣጥን ያለ ትንሽ ዕቃ እጅግ በረከሰ ዋጋ ሊሸጥለት ጠራው። ይህንስ አልገዛም፤ መልካምም አደረገ። እንዲህ ያለው ዕቃ ብዙ ጊዜ ውስጡ ጥቂት ጊጋባይት ብቻ ሆኖ ሳለ ለኮምፒውተሩ 16 ቴራባይት ነኝ ብሎ እንዲዋሽ የተሠራ ነው። በሞላ ጊዜ አዲሱን በአሮጌው ላይ እየጻፈ ያጠፋል፤ ወይም የተሰጠውን ሳይጽፍ ጻፍሁ ይላል፤ የፋይሉ ስም ብቻ ይቀራል፤ ባለቤቱም ነገሩን የሚያውቀው ፋይሉን ሊከፍት በፈለገ ቀን ነው። ስለዚህ አዲስ ዕቃ የገዛ ሰው ሥራ ሳያስጀምረው እስከ አፉ ሞልቶ መልሶ በማስነበብ ሊፈትነው ይገባል፤ ለዚህም ኤች ቱ ቴስት ደብሊው የሚባል ያለ ዋጋ የሚገኝ ፕሮግራም አለ። ጎተራ ሳይፈተሽ እህል አይከተትበትም።

በሣጥን ላይ ያለ ጽሑፍ ግን ሐሰት ባይሆንም ማሳሳቱ አይቀርም። በፈረንጅ ፊደል ሲጻፍ ትንሹ ቢ ቢት ማለት ነው፤ ትልቁ ቢ ደግሞ ባይት ማለት ነው፤ አንዱ ባይት 8 ቢት ነው። የግዕዝ ትምህርት የቀመሰ ሰው በንጉሡ ሠ «ሠዐለ» የተባለ እንደ ሆነ ሥዕል ሣለ፣ በእሳቱ ሰ «ሰአለ» የተባለ እንደ ሆነ ለመነ ማለት መሆኑን ያውቃልና ስለ አንዲት ፊደል መጠንቀቅ አይከብደውም። እንግዲህ 20 ጊጋቢት በ8 ሲካፈል 2,500 ሜጋባይት ይሆናል፤ ከዚያም መልእክቱን ለማጓጓዝ የሚያስፈልገው ትርፍ ጽሑፍ ሲቀነስ 2,000 ያህል ይቀራል።

የመንገዱም ስም እንዲሁ ያደናግራል። ዩኤስቢ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1996 ሲወጣ በሰከንድ የሚያሳልፈው 12 ሜጋቢት ነበረ። በ2000 የወጣው ሁለተኛው 480 ሜጋቢት ሆነ። ከዚያ በኋላ በ2008 ወደ 5 ጊጋቢት፣ በ2013 ወደ 10፣ በ2017 ወደ 20፣ በ2019ም ዩኤስቢ 4 በተባለው እስከ 40 ጊጋቢት ደረሰ። ነገር ግን የ2008ቱ መንገድ ራሱ ምንም ሳይለወጥ አስቀድሞ 3.0፣ ቀጥሎ 3.1 አንደኛ ትውልድ፣ ኋላም 3.2 አንደኛ ትውልድ እየተባለ ሦስት ስም ወጣለት። ስለዚህ 3.2 የሚል ጽሑፍ አይቶ ባለ 20ውን አገኘሁ ያለ ሰው ምናልባት ባለ 5ቱን ይዞ ይገባል። ስሙን ትቶ ጊጋቢቱን መጠየቅ ይሻላል።

ሰውዬው ከቤቱ ሲደርስ መሸ። ከዕቃው ጋር የተሰጠው ገመድ አጭር ሆነበት፤ ስለዚህ የስልኩን ባትሪ የሚሞላበትን ረጅሙን ገመድ አነሣ። ኮምፒውተሩም ከጠረጴዛው ሥር ተጠግቶ የቆመ ነበረና ዞሮ ጀርባውን ማየት አስቸገረው፤ ገመዱን በፊቱ በኩል ባለው ቀዳዳ ሰካው። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ 1,400ውን ጊጋባይት በአንድነት ግልበጣ አስጀመረ። በመስኮቱም ላይ በሰከንድ 38 ሜጋባይት፣ የቀረው ጊዜ ከ10 ሰዓት በላይ የሚል ወጣ። 2,000 ብሎ የገዛው 38 ሲሆንበት ባለ ሱቁ አታለለኝ ብሎ ተቈጣ። ነገር ግን ከእርሱ ጋር ነገ እንተያያለን አለና ሥራውን ሳያቋርጥ ተኛ።

ልጁ በማግሥቱ ጧት ስትደርስ ግልበጣው ቆሞ፣ ዲስኩም ዝም ብሎ አገኙት። የመጨረሻው ፋይል የተገለበጠው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነበረ። 950 ጊጋባይት ያህል ወጥቶ 450 ቀርቷል። ግልበጣው በዓመታቱ ተራ ይሄድ ስለ ነበረ የቀሩት የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት ናቸው፤ እነርሱም በ2010 የተቀረጸው የአባቱ ቃል 80 ጊጋባይት፣ በ2011 የተቀረጸው የአንዲት ጠጕር ፈታይ አሮጊት ንግግርና ግጥም 150፣ በ2012 የተቀረጸው የአንድ አስታራቂ ሽማግሌ ምስክርነት 220 ጊጋባይት ነበሩ።

ልጁ ምንም ሳትናገር ከጠረጴዛው ሥር ገባች። ገመዱን ይዛ ወጣችና፦ «አባባ፣ ይህ የስልክ መሙያ ገመድ ነው። ፋይል የሚያሳልፈው በ2ኛው ዩኤስቢ መጠን፣ በ480 ሜጋቢት ብቻ ነው። የፊቱም ቀዳዳ እንደዚሁ የድሮው ነው፤ ፈጣኖቹ ከኋላ ናቸው» አለችው። ኮምፒውተሩን አዙራ አሳየችው፤ ውስጣቸው ሰማያዊ የሆኑት ቀዳዳዎች ባለ 5 ጊጋቢት ነበሩ፤ አንዲት ብቻ ባለ 10 ነበረች። «ኮምፒውተሩ በ2011 ዓ.ም. የተገዛ ነው፤ ከ10 አያልፍም። ይህ የገዙት 20 የሚሄደው ለእርሱ የተሠራ ፖርት ሲያገኝ ነው፤ ያላገኘ እንደ ሆነ ወደ 10 ይወርዳል» አለችው።

«እንግዲያ ባለ ሱቁ አላታለለኝም?» አለ።

«ምንም አልጠየቀዎትም?»

«ጠይቆኝ ነበር» አለ ሰውዬው ቀስ ብሎ።

ከዚህ በኋላ፦ «ከኋላ ሰክቼው ቢሆንስ ኖሮ?» አላት። ልጁም እንዲህ ብላ መለሰችለት፦ «ትናንት ማታ ይህን ውዱን ቢገዙ፣ ርካሹን ባለ ሳሕን ቢገዙ ብዙ ልዩነት አልነበረውም። እህሉ የሚወጣው ከአሮጌው ጎተራ ነው፤ የአሮጌው በር በሰከንድ 100 ሜጋባይት ያህል ነው የሚያሳልፈው፤ ተቀባዩ የቱንም ያህል ቢፈጥን ከዚያ በላይ አያገኝም። በትክክለኛው ገመድ ከ4 ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ያልቅ ነበር።» ሰውዬው በልቡ ቈጠረ፤ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ 4 ሰዓት ቢጨመር እኩለ ሌሊት ነው፤ ዲስኩ የቆመው ግን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ማንም ሳይነግረው ዕዳውን ዐወቀ።

ልጁ ዲስኩ እስኪቀዘቅዝ ቆይታ ኮምፒውተሩን አስነሣች። የታመመ ዲስክ ዐርፎ ሲነሣ አንዳንድ ጊዜ ጥቂት ይሠራልና ተከፈተ። «አባባ፣ ምን ያህል እንደሚቆይ አይታወቅም። አጥፍተን ለባለሙያ እንስጠው ቢሉ ይሻል ነበር፤ ዋጋው ግን ከባድ ነው፤ አሁን እናውጣ ካሉም አንድ በአንድ ነው። የቱ ይቅደም?» አለችው።

ሰውዬው ዝም አለ። አሮጊቷና ሽማግሌው በካሜራው ፊት የተቀመጡት ቃላቸውን ለልጅ ልጆቻቸው እንዲያደርስ አደራ ብለውት ነበር፤ ሁለቱም አሁን በሕይወት የሉም። የአባቱን ነገር ግን እርሱ ራሱ በልቡ ይዞታል፤ ያለ ምስልም ሊናገረው ይችላል። ይህን ሁሉ እያወቀ «የአባቴን» አለ።

80ው ጊጋባይት በሰከንድ 60 ሜጋባይት እየሄደ ከ25 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ወጣ። ከዚያም የአሮጊቷን ጀመሩ። 50 ጊጋባይት ያህል እንደ ወጣ ያ ድምፅ በረታ፤ ዲስኩም ቆመ። ከዚያ ወዲያ አልተነሣም። ወደ ባለሙያ ቢወሰድም ክንዲቱ የሳሕኑን ፊት ፍቃዋለችና የቀረው አይመለስም ተባለ። የአባቱን አወጣ፤ አደራውን አጣ።

እንግዲህ ለዴስክቶፕ ኮምፒውተሩ ፈጣን የውጭ ዲስክ ሊገዛ የሚወድ ሰው ወደ ሱቅ ከመሄዱ በፊት በቤቱ ሳለ ሊጠይቃቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። መጀመሪያ፣ ፋይሉ ከየት ወጥቶ ወዴት ይገባል? በመንገዱ ላይ ካሉት በሮች ሁሉ የጠበበው የጉዞውን ፍጥነት ይወስናል፤ ሌላው ሁሉ ቢሰፋ ለከንቱ ነው። ሁለተኛ፣ የኮምፒውተሩ ፖርት ስንት ጊጋቢት ነው? ገመዱስ ያንኑ ያህል ያሳልፋል? ሦስተኛ፣ ሥራው ምንድር ነው? በዲስኩ ላይ ሆኖ ቪዲዮ የሚቈርጥና የሚቀጥል ሰው ኤስ ኤስ ዲ ያስፈልገዋል፤ ለብዙውም ሰው ባለ 10 ጊጋቢቱ ይበቃዋል። አስቀምጦ ለሚጠብቅ ሰው ግን ባለ ሳሕኑ በአነስተኛ ዋጋ ሰፊ ቦታ ይሰጠዋል።

ኤስ ኤስ ዲም ቢሆን ጠባይ አለው። ብዙዎቹ ጥቂት ፈጣን ቦታ በፊታቸው ያስቀምጣሉ፤ ረጅም ግልበጣ ሲመጣ ያ ቦታ ይሞላና ፍጥነቱ በሣጥኑ ላይ ከተጻፈው እጅግ ያንሳል። በጋለም ጊዜ ራሱን ለማዳን ይዘገያል። ኤሌክትሪክ ሳያገኝም ለብዙ ዓመት ተቈልፎ እንዲቀመጥ የተሠራ አይደለም። ዴስክቶፕ ደግሞ እንደ ላፕቶፕ የራሱ ባትሪ የለውምና በግልበጣ መካከል መብራት የጠፋ እንደ ሆነ ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል፤ ስለዚህ ዩፒኤስ የሚባለውን የባትሪ መሣሪያ ማቆም፣ ዲስኩንም ከመንቀል በፊት ኮምፒውተሩን ማሰናበት ይገባል። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን አንድ ግልባጭ ብቻ ያለው ሰው የቱንም ያህል ፈጣን ዕቃ ቢኖረው ምንም እንደሌለው ሊቈጥር ይገባዋል።

ሰውዬው በዚያው ወር ያን ርካሹን ባለ ሳሕን ገዛ። የዳነውን ሁሉ ገልብጦበት፣ እየከፈተ አይቶና አድምጦ፣ በሌላ ሰፈር በምትኖረው በእኅቱ ቤት አስቀመጠው። ውዱ ዕቃ ከኋለኛው ቀዳዳ በራሱ ገመድ ተሰክቶ ዛሬ ቪዲዮ ይቈርጥበታል፤ በሰከንድም 1,000 ሜጋባይት ያህል ይሄዳል። በእውነት መልካም ዕቃ ነው፤ ወደ ባለ ሱቁም ለጠብ አልሄደም።

በጥር ወር ከአሮጊቷ ቃል የተረፈውን 50 ጊጋባይት በፍላሽ ይዞ ወደ መንዝ ሄደ። አስቀድሞ ወደ ሽማግሌው ልጆች ቤት ገብቶ ባዶ እጁን መምጣቱን ነገራቸው፤ እነርሱም ምንም ሳይሉት ቡና አፈሉለት። ከዚያም ወደ አሮጊቷ የልጅ ልጅ ሄደ። ላፕቶፑን ከፍቶ የአያቷን ድምፅ አሰማት። ሴትዮዋ እስከ መጨረሻው አድምጣ፦ «የቀረውስ የት አለ?» ብትለው፣ ስለ ገመድና ስለ ፖርት አንዳች ሳይደረድር «እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አላት።

ጥቂት ዝም አለችና፦ «ይህችንስ በሁለት ቦታ አስቀምጠዋታል?» ብላ ጠየቀችው።

«በሦስት ቦታ» አላት። «ሦስተኛው በእጅሽ የሚቀረው ነው።» ፍላሹንም ነቅሎ ሰጣት።